ከ1 ማይክሮኬልቪን በታች የቀዘቀዘ የሩቢዲየም ጋዝ ለምን ጠጣር አይሆንም? ከተፈጠረ በኋላስ ወዴት ይጠፋል?

የከዚራ መምህር (ድሬዳዋ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በድሬዳዋ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ቁስ ደረጃዎች ስናስተምር ከጠጣር፣ ከፈሳሽ፣ ከጋዝና ከፕላዝማ ቀጥለን የቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት የሚባለውን (እጅግ የቀዘቀዙ አቶሞች ሁሉም በአንድ ሞገድ የሚገለጹበትን ደረጃ) በጥቂት ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን እናልፋለን። ተማሪዎቼ ግን በዚያ አልረኩም፤ ሁለት ጥያቄዎች አንሥተዋል፤ በቂ መልስ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሩቢዲየም በ39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀልጥ ብረታ ብረት ነው፤ በከተማችን የሰኔ ቀትር እንኳ ለመቅለጥ ጥቂት ዲግሪ ይቀረዋል። በእኛ ሙቀት ጠጣር የሆነ ንጥረ ነገር ከፍጹም ዜሮ በላይ 170 ናኖኬልቪን (የኬልቪን 170 ቢሊዮንኛ) ብቻ ላይ ሲደርስ እንዴት ጋዝ ሆኖ ይገኛል? ሁለተኛው ጥያቄ የመጥፋቱ ነገር ነው። በፈረንጆች 1995 በኮሎራዶ የተሠራው የመጀመሪያው ኮንደንሴት ከ15 ሰከንድ በላይ መቆየቱ እንደ ትልቅ ስኬት ተቆጥሮ ነበር። ግድግዳ የማይነካው፣ በቫኪዩም ውስጥ ተንሳፍፎ የሚገኝ ጋዝ ለምን ዕድሜው በሰከንድ ይለካል? አቶሞቹስ ወዴት ይሄዳሉ?

ሐረር-ኳንተም (ሐረር)

መምህር፣ ሁለቱ ጥያቄዎች በእኔ እምነት አንድ መልስ አላቸው። ጋዙን ወደ ኮንደንሴትነት የሚያደርሰውም በመጨረሻ የሚያጠፋውም የአቶሞቹ ግጭት ነው፤ ልዩነቱ በአንድ ቅጽበት የተጋጩት ሁለት ናቸው ወይስ ሦስት የሚለው ነው።

ተማሪዎችዎ በመጀመሪያው ጥያቄ ትክክል ናቸው። በናኖኬልቪን ደረጃ ቴርሞዳይናሚክስ ለሩቢዲየም የሚፈርድለት ጠጣር ብረትነትን ነው። ነገር ግን ወደዚያ ለመድረስ አቶሞቹ በቅድሚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሞለኪውል መሥራት አለባቸው። ሁለት አቶሞች ብቻቸውን ሲጋጩ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ ሲጣመሩ የሚለቀቀውን ጉልበት ይዞ የሚሄድ ሌላ አካል ከሌለ የጉልበትና የሞመንተም ጥበቃ ሕጎች አብረው ሊሟሉ ስለማይችሉ ተገፋፍተው ይለያያሉ። ሦስተኛ አቶም በዚያው ቅጽበት በዚያው ስፍራ ከተገኘ ግን ትርፉን ጉልበት እርሱ ተካፍሎ ይሸሻል፤ ሁለቱ ይጣመራሉ። ስለዚህ ጋዙን ከመጠጠር የሚጠብቀው ስስነቱ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ 25 ሚሊዮን ትሪሊዮን ያህል ሞለኪውሎች ሲኖሩ፣ በተለመደ ኮንደንሴት ውስጥ ያሉት 100 ትሪሊዮን ገደማ አቶሞች ናቸው፤ ማለትም ከምንተነፍሰው አየር ከ200,000 እጥፍ በላይ የሳሳ ነው። በዚህ እፍጋት ሦስት አቶሞች በአንድ ስፍራ የመገናኘታቸው ዕድል እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ጋዙ ጠጣር ከመሆኑ በፊት የኳንተም ባሕርዩን ለማሳየት ጊዜ ያገኛል።

አፈጣጠሩን በሁለት ምዕራፍ ማየት ይሻላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሌዘር ነው። በክፍል ሙቀት የሩቢዲየም አቶም በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር የሆነ አንድ ፎቶን ከፊት መጥቶ ሲመታው ፍጥነቱን የሚቀንስለት በሰከንድ 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በመሆኑም አቶሙን ለማቆም 50,000 ያህል ፎቶኖች ያስፈልጋሉ። አቶሙ ፎቶን ውጦ መልሶ የሚተፋው በ26 ናኖሰከንድ አማካይ ጊዜ ስለሆነ ሥራው በጥቂት ሚሊሰከንዶች ያልቃል። በዚህ ዘዴ ጋዙ ወደ ጥቂት ማይክሮኬልቪን ይወርዳል፤ ስቲቨን ቹ፣ ክሎድ ኮኸን-ታኑጂና ዊሊያም ፊሊፕስ በ1997 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትም ለዚህ ነው። ሆኖም አቶሙ ራሱ የሚተፋው ፎቶን መልሶ ስለሚገፋው፣ እንዲሁም አንዱ የተፋውን ሌላው ስለሚውጠው፣ በሌዘር ብቻ ወደ ኮንደንሴት መድረስ በጣም አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ትነት ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ጥላ ሥር የተቀመጠ የሸክላ እንስራ ውሃውን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ በሸክላው በኩል ወጥተው የሚተኑት ፈጣኖቹ ሞለኪውሎች ስለሆኑ የሚቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። በአቶም ወጥመድም የሚደረገው ይኸው ነው። ሃራልድ ሄስ በ1986 ለሃይድሮጂን ያቀረበውን ሐሳብ ተከትሎ፣ ከመግነጢሳዊው ወጥመድ ጠርዝ የሚደርሱ ፈጣን አቶሞች በሬዲዮ ሞገድ ተመርጠው ይወጣሉ፤ የሬዲዮው ድግግሞሽ ቀስ በቀስ ሲወርድ ጠርዙ ይበልጥ ይቀርባል፤ የቀሩት አቶሞች ደግሞ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ የቀረውን ጉልበት እንደገና ይከፋፈላሉ። በሌዘር ከተያዙት አቶሞች መካከል እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት ብዙውን ጊዜ ከሺህ አንድ ያህሉ ናቸው።

እዚህ ላይ የሁለት አቶም ግጭት ጥቅም በጉልህ ይታያል። አቶሞቹ ካልተጋጩ ፈጣን አቶሞች ዳግም አይፈጠሩም፤ ትነቱም ይቆማል።

የሳቢያን ተማሪ (ድሬዳዋ)

ስለ ሰፊው ማብራሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን እንዲብራራልኝ እፈልጋለሁ። ኮንደንሴት የሚፈጠረው አቶሞቹ ሲቀዘቅዙ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡና አንድ ቦታ ላይ ስለሚከማቹ ነው ማለት ነው? እንዲህ ከሆነ የውሃ ትነት ወደ ጤዛ ከመለወጡ በምን ይለያል?

ሐረር-ኳንተም (ሐረር)

ወንድሜ፣ ጤዛ የሚፈጠረው በመሳሳብ ነው፤ ይህኛው ግን ያለ ምንም መሳሳብ ሊከሰት ይችላል። ሳትየንድራ ናት ቦዝ በ1924 በዳካ ሆኖ የፎቶኖችን አቆጣጠር በአዲስ መንገድ አውጥቶ ለአይንስታይን ላከለት፤ አይንስታይንም ጽሑፉን ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመው፤ ከዚያም ስሌቱን ወደ አቶሞች አስፋፋው። ከስሌቱ የወጣው ውጤት፣ ፈጽሞ የማይሳሳቡና የማይገፋፉ አቶሞች እንኳ ከተወሰነ መጠነ ሙቀት በታች በብዛት ወደ ዝቅተኛው የጉልበት ደረጃ እንደሚገቡ ያመለክታል።

ምክንያቱ የሞገድ ርዝመት ነው። እያንዳንዱ አቶም ሞገድ አለው፤ ርዝመቱም መጠነ ሙቀቱ ሲወርድ ያድጋል። በክፍል ሙቀት የሩቢዲየም የሞገድ ርዝመት 0.01 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ከአቶሙ ራሱ እጅግ ያንሳል። በ100 ናኖኬልቪን ግን 600 ናኖሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም በእንደዚህ ያለ ጋዝ ውስጥ በሁለት አጎራባች አቶሞች መካከል ካለው ርቀት ይበልጣል። የሞገድ ርዝመቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ይዘት በአማካይ 2.612 አቶሞችን ሲይዝ ኮንደንሴቱ መታየት ይጀምራል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 100 ትሪሊዮን አቶሞች ላለው ሩቢዲየም ይህ የሚሆነው 400 ናኖኬልቪን አካባቢ ነው። ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዊማን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆች 5 ጁን 1995፣ ይህን በሩቢዲየም ሲያዩት ጋዛቸው ይበልጥ የሳሳ ስለነበረ ወደ 170 ናኖኬልቪን መውረድ ነበረባቸው፤ ያገኙትም ኮንደንሴት 2,000 ያህል አቶሞች ነበሩት። በዚያው ዓመት ቮልፍጋንግ ኬተርለ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሶዲየም አቶሞች ሠራው። ሦስቱም በ2001 ኖቤል ተሸልመዋል።

አይንስታይን የነገረን መጨረሻው ምን እንደሚሆን ነበር፤ እንዴትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚደረስበት አልነገረንም። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። በ1998 የኬተርለ ቡድን የሶዲየም ጋዝን ከወሳኙ መጠነ ሙቀት በታች በድንገት አውርዶ ምን እንደሚከተል ተከታተለ። ኮንደንሴቱ ወዲያው አልተገኘም፤ መጀመሪያ ላይ እድገቱ አዝጋሚ ነበር፣ ከዚያ ፈጠነ፣ በመጨረሻ ረጋ። እንዲህ የሚሆነው ቦዞኖች (እንደ ፎቶንና እንደ እነዚህ አቶሞች በአንድ ደረጃ አብረው መከማቸት የሚችሉ ቅንጣቶች) ወደ አንድ ደረጃ የመግባታቸው ዕድል በዚያ ደረጃ ቀድመው በገቡት ብዛት ልክ ስለሚያድግ ነው፤ በሌዘር ውስጥ ብርሃን የሚጎለብትበት መርህ እዚህ በአቶም ላይ ይሠራል። ወደ ዝቅተኛው ደረጃ የሚያወርዳቸው ግን አሁንም የሁለት አቶም ግጭት ነው፤ አንዱ ጉልበቱን ለሌላው ሰጥቶ ይወርዳል።

ማቀዝቀዙ ከልክ በላይ ከፈጠነ ደግሞ የጋዙ የተለያዩ ክፍሎች እርስ በርስ ሳይስማሙ በየራሳቸው ኮንደንሴት መሆን ይጀምራሉ፤ ሲገናኙ የሞገዶቻቸው ፌዝ (የሞገዱ ከፍታና ዝቅታ አቀማመጥ) አይገጥምምና በመካከላቸው አዙሪቶች ይወለዳሉ። በ2008 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ማንም ሳይቆሰቁሳቸው እንዲህ በራሳቸው የተፈጠሩ አዙሪቶች ፎቶግራፍ ተነሥተዋል።

ድኅረ ምረቃ-ሐረማያ (ሐረማያ)

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ በእነዚህ ጋዞች የአቶም ብክነት ላይ ስለሆነ፣ መምህር ያነሡትን ሁለተኛ ጥያቄ በተቻለኝ መጠን ልመልስ።

አቶሞች ከወጥመድ የሚጠፉበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በቫኪዩሙ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ትኩስ ሞለኪውሎች ቀዝቃዛውን አቶም መትተው ያስወጡታል፤ ለዚህ ነው ግፊቱ ከከባቢ አየር ከ10 ትሪሊዮን እጥፍ በላይ እንዲያንስ የሚደረገው፤ እንዲህ ባለ ቫኪዩም ብክነቱ በደቂቃ ደረጃ የሚለካ ይሆናል። መግነጢሳዊ ወጥመድ ደግሞ መስኩ ዜሮ በሚሆንበት ማእከል ላይ ቀዳዳ አለው፤ በዚያ የሚያልፍ አቶም የስፒኑን (የውስጣዊ መግነጢስነቱን) አቅጣጫ ስቶ ከወጥመዱ ይወጣል። ኮርኔል ይህን ቀዳዳ መስኩን በማሽከርከር ከአቶሞቹ ሲያርቀው፣ ኬተርለ አረንጓዴ የሌዘር ጨረር በማእከሉ ላይ አሳልፎ ደፈነው። እነዚህ ሁለቱ በመሣሪያ ጥራት የሚቀነሱ ናቸው።

የማይቀረው የሦስት አቶም ውህደት ነው። ሐረር-ኳንተም እንዳሉት ሁለቱ ተጣምረው ሞለኪውል ይሆናሉ፤ የሚለቀቀው ጉልበት ከጋዙ ሙቀት ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ሁለት ሦስተኛውን ይዞ ነጠላው አቶም፣ አንድ ሦስተኛውን ይዞ ሞለኪውሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ከወጥመዱ ይወረወራሉ። ስለዚህ «አቶሞቹ ወዴት ይሄዳሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ሦስቱም በአንድ ክስተት ወጥተው የቫኪዩም ዕቃውን ግድግዳ ይመታሉ የሚል ነው።

የዚህ ብክነት ፍጥነት ለእያንዳንዱ አቶም ከእፍጋቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። በሩቢዲየም-87 ኮንደንሴት ላይ በ1997 በኮሎራዶ የተለካው የብክነት ቋሚ ቁጥር 5.8 × 10⁻³⁰ ሴንቲሜትር⁶ በሰከንድ ገደማ ነው። ይህን በ10¹⁴ እፍጋት ካሬ ብናባዛው በሰከንድ 0.058 እናገኛለን፤ ማለትም የአንድ አቶም አማካይ ዕድሜ 17 ሰከንድ ያህል ነው። እፍጋቱን አሥር እጥፍ ብናሳድገው ዕድሜው መቶ ጊዜ ያጥርና 0.17 ሰከንድ ይሆናል።

ያው ሙከራ ከዚህም የበለጠ ነገር አሳይቷል። ካጋን፣ ስቪስቱኖቭና ሽሊያፕኒኮቭ በ1985 ኮንደንሴት ገና ሳይሠራ፣ በእኩል እፍጋት ላይ ኮንደንሴት ካልሆነ ቀዝቃዛ ጋዝ ይልቅ በኮንደንሴት ውስጥ የሦስት አቶም ውህደት በስድስት እጥፍ እንደሚያንስ በስሌት አመልክተው ነበር። በተራ የቦዞን ጋዝ ውስጥ አቶሞች አጋጣሚውን ተከትለው የመጎራበት ዝንባሌ አላቸው፤ ሦስት ሲሆኑ ይህ ዝንባሌ ዕድሉን በስድስት ያባዛዋል። በኮንደንሴት ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ሞገድ ስለሚገለጹ ያ መቧደን ይጠፋል። የ1997ቱ ልኬት በሁለቱ መካከል ያገኘው ንጽጽር በስሕተት ወሰኑ ውስጥ ከስድስት ጋር ይስማማል። የአቶም መጥፋትን በመቁጠር ብቻ ጋዙ በውስጡ ምን ያህል ሥርዓት እንዳለው ማወቅ መቻሉ በዚህ የጥናት መስክ እንድቆይ ያደረገኝ ነገር ነው።

የሳቢያን ተማሪ (ድሬዳዋ)

እንዲህ ከሆነ እፍጋቱን ይበልጥ ቀንሰው ዕድሜውን ለምን አያረዝሙትም?

ድኅረ ምረቃ-ሐረማያ (ሐረማያ)

ወንድሜ፣ ዋናው ትግል ያለው እዚያ ላይ ነው። የሁለት አቶም ጠቃሚ ግጭት ከእፍጋቱ ጋር፣ የሦስት አቶም ጎጂ ግጭት ደግሞ ከእፍጋቱ ካሬ ጋር ያድጋል። በ10¹⁴ እፍጋትና በ400 ናኖኬልቪን አንድ የሩቢዲየም አቶም በሰከንድ ሺህ ገደማ ጠቃሚ ግጭቶች ሲያደርግ፣ ለጎጂው ግጭት የሚደርሰው በየጥቂት ሰከንዱ አንዴ ነው። እፍጋቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ይህ ንጽጽር አሥር እጥፍ ይበላሻል። በጣም ሲሳሳ ደግሞ ጠቃሚው ግጭት ይዘገይና በቫኪዩሙ ውስጥ የቀረው ትኩስ ጋዝ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወሳኙ መጠነ ሙቀትም አብሮ ይወርዳል። ኮንደንሴት ሊኖር የሚችለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው።

ለዚህ የሲዚየም ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሲዚየም በሌዘር ለማቀዝቀዝ እጅግ ምቹ ቢሆንም በመግነጢሳዊ ወጥመድ ውስጥ ሁለት አቶሞች ብቻ ተጋጭተው እንኳ ስፒናቸውን ስለሚለውጡ ከሌሎቹ አልካሊዎች ዘግይቷል። በኢንስብሩክ የሩዶልፍ ግሪም ቡድን በ2002 የተሳካለት አቶሞቹን በመግነጢስ ሳይሆን በሌዘር ብርሃን ይዞ፣ መግነጢሳዊውን መስክ ደግሞ የግጭቱን ጥንካሬ ለማስተካከል ተጠቅሞ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ውህደቱ የሚበዛው እፍጋቱ ከፍተኛ በሆነበት በወጥመዱ ማእከል ነው፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው አቶሞች ናቸው። ቀዝቃዞቹ ሲወጡ የቀሪው አማካይ ይሞቃል፤ የትነት ፍጹም ተቃራኒ ነው።

የደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)

ውይይቱ እስካሁን በሚገፋፉ አቶሞች ላይ ብቻ ስለተወሰነ ስለሚሳሳቡት ልጨምር። ሊቲየም-7 በተፈጥሮው የሚሳሳብ ጋዝ ነው፤ በራይስ ዩኒቨርሲቲ የራንዲ ሁሌት ቡድን እንዳሳየው ኮንደንሴቱ ጥቂት ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ አቶሞችን ብቻ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ የኳንተም ግፊቱ (ሞገዱ በጠባብ ስፍራ ሲታጠር የሚያሳየው መቋቋም) መሳሳቡን መቋቋም ያቅተዋል።

ይበልጥ አስደናቂው በሩቢዲየም-85 የተደረገው ነው። ይህ አይሶቶፕ በ155 ጋውስ አካባቢ ፌሽባህ ሬዞናንስ የሚባል ባሕርይ አለው፤ መግነጢሳዊውን መስክ በጥቂቱ በመለወጥ ተገፋፊነቱን ወደ ተሳሳቢነት መቀየር ይቻላል። በ2001 በኮሎራዶ የኮርኔልና የዊማን ቡድን የተረጋጋ ኮንደንሴት ሠርቶ መስኩን በድንገት ወደ ተሳሳቢው ወገን ለወጠው። ጋዙ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ቆየ፤ በውስጡ ግን እየተኮማተረ ነበር። ከዚያ የተወሰኑት አቶሞች በሉላዊ ፍንዳታ ተበተኑ፣ የተወሰኑት በማእከሉ ቀሩ፣ የተወሰኑት ደግሞ በፎቶግራፉ ላይ ጨርሶ አልታዩም። ተመራማሪዎቹ ክስተቱን ከከዋክብት ፍንዳታ ጋር በማመሳሰል ቦዝኖቫ ብለውታል። ለመኮማተሩ መነሻው መሳሳቡ ነው፤ እፍጋቱ በማእከሉ ሲያሻቅብ ግን የሦስት አቶም ብክነቱ በካሬ ስለሚያድግ መኮማተሩ ወደ ነጥብነት ከመድረሱ በፊት ያስቆመዋል። እዚህ ላይ ብክነቱ ለቀሪው ጋዝ መከላከያ ሆኖለታል።

ሐረር-ኳንተም (ሐረር)

የደቻቱ ማዶ ስለ ፌሽባህ ሬዞናንስ ያነሡት ወደ ሁለት ነገሮች ይወስደናል።

ቪታሊ ኤፊሞቭ በ1970 በሶቪየት ኅብረት ሳለ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለመተሳሰር የማይችሉ ሦስት ቅንጣቶች በአንድነት ግን ሊተሳሰሩ እንደሚችሉ፣ እንዲህ ያሉት ደረጃዎችም እያንዳንዱ ከቀዳሚው 22.7 እጥፍ እየሰፋ እንደሚከታተሉ በስሌት አገኘ። ለ35 ዓመታት ያህል በሙከራ ያረጋገጠው አልነበረም። በ2006 ማረጋገጫውን ያሳተመው የግሪም ቡድን ሦስቱን አቶሞች በቀጥታ አላያቸውም፤ የሲዚየምን ጋዝ ወደ 10 ናኖኬልቪን አቀዝቅዞ፣ መስኩን እየለወጠ፣ አቶሞች የሚጠፉበትን ፍጥነት ለካ፤ በአንድ ስፍራ ላይ ብክነቱ ጎልቶ ወጣ። እህቴ ድኅረ ምረቃ-ሐረማያ ብክነትን እንደ መለኪያ ማየታቸው በዚህ ምክንያት እጅግ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ስለ ፌርሚዮኖች ነው፤ እነዚህ ከቦዞኖች በተቃራኒ ሁለቱ በአንድ ደረጃ አብረው ሊገኙ የማይችሉ ቅንጣቶች ናቸው። ዴቦራ ጂንና ብራያን ዲማርኮ በ1999 ፖታሲየም-40ን ወደ ኳንተም ደረጃ አውርደዋል። ተመሳሳይ ፌርሚዮኖች በፓውሊ ክልከላ ምክንያት በአንድ ስፍራ መገናኘት ስለማይችሉ፣ በሁለት የስፒን ደረጃ ባለ ጋዝ ውስጥ ሦስት አቶም ሲገናኝ ቢያንስ ሁለቱ ተመሳሳይ መሆናቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ክስተቱ ይታፈናል። ከቦዞኖች የተሠሩ ልል ሞለኪውሎች በሬዞናንሱ አጠገብ በሚሊሰከንዶች ሲጠፉ፣ ከሊቲየም-6 ፌርሚዮኖች የተሠሩት ከአሥር ሰከንድ በላይ ሊቆዩ የቻሉት በዚህ ነው። በ2003 የሞለኪውል ኮንደንሴት ሊሠራ የቻለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የከዚራ መምህር (ድሬዳዋ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። ብክነቱ የማይቀር ከሆነ፣ የጠፋውን ያህል አቶም እየተካ ኮንደንሴቱን ያለማቋረጥ ማቆየት የቻለ አለ? ደግሞስ ሌዘርና ቫኪዩም በሌለበት የእኛ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ከዚህ ፊዚክስ በእጃቸው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ?

ሐረር-ኳንተም (ሐረር)

የመጀመሪያው ተችሏል። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፍሎሪያን ሽሬክ ቡድን በ2022 ባሳተመው ሥራ ስትሮንቲየም-84ን ያለማቋረጥ ከምድጃ እያፈሰሰ፣ ቀድሞ በአንድ ቦታ በየተራ ይደረግ የነበረውን የማቀዝቀዝ ሥራ በተለያዩ ቦታዎች በአንድ ጊዜ እንዲሠራ አድርጓል። አስቸጋሪው ነገር ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው የሌዘር ብርሃን ኮንደንሴቱን ራሱን የሚያፈርሰው መሆኑ ነበር፤ ስለዚህ በኮንደንሴቱ ላይ ብቻ የሚያርፍ ሌላ ጨረር ጨምረው በዚያ ስፍራ ያሉት አቶሞች ለማቀዝቀዣው ብርሃን የማይታዩ እንዲሆኑ አደረጉ። ኮንደንሴቱ ወደ እርሱ የሚገባውና በሦስት አቶም ውህደት የሚወጣው ተመዛዝነው እስከተፈለገ ድረስ ይኖራል።

ድኅረ ምረቃ-ሐረማያ (ሐረማያ)

ለሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ በኤክሴል ይሠራል። ተማሪዎቹ የሬዲዮአክቲቭ መበስበስን ስለተማሩ ከዚያ ይነሡ። በዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ዕድሜ እኩል ነው፤ ከቫኪዩም ጉድለት የሚመጣው ብክነትም እንዲሁ ነው። በሦስት አቶም ብክነት ግን የእፍጋቱ ካሬ ግልባጭ ከጊዜ ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል። መነሻ እፍጋቱ 10¹⁵ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር፣ የብክነት ቋሚውም ከላይ የሰጠሁት ይሁን፤ ይዘቱ እንዳይለወጥ እናስብ። በ10 ሚሊሰከንድ እርምጃ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የቋሚውን፣ የእፍጋቱን ኪዩብና የጊዜውን ብዜት ከእፍጋቱ ይቀንሱ።

ውጤታቸውን ለማረጋገጥ እነዚህን ቁጥሮች ይጠቀሙ፦ እፍጋቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በግማሽ የሚቀንሰው በ0.26 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ እንደገና በግማሽ ለመቀነስ 1.03 ሰከንድ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ 4.1 ሰከንድ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ከቀደመው አራት እጥፍ ነው። የተማሪዎቹ ቁጥር በመጀመሪያው ግማሽ ላይ ጥቂት ካነሰ የእርምጃው ርዝመት ነውና ወደ 1 ሚሊሰከንድ ያሳጥሩት።

ጎበዞቹ ከዚያ አልፈው መሄድ ከፈለጉ፣ በእውነተኛ ኮንደንሴት ውስጥ አቶም ሲጠፋ ጋዙ ራሱ ስለሚጠብ ይዘቱ እንደማይጸና ይንገሯቸው። የሚገፋፉ ብዙ አቶሞች በስኒ ቅርጽ ባለ ወጥመድ ውስጥ ሲሆኑ እፍጋቱ ከአቶሞቹ ቁጥር ጋር የሚያድገው በሁለት አምስተኛ ኃይል ብቻ ነው፤ በመሆኑም አጠቃላይ ብክነቱ ከአቶሞቹ ቁጥር ጋር የሚያድገው በሦስተኛ ኃይል መሆኑ ቀርቶ በዘጠኝ አምስተኛ ኃይል ይሆናል። ያንን ለውጥ በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ በአንድ ዓምድ መተካት ይቻላል፤ ተማሪዎቹ ሠርተው ሲጨርሱ ሠንጠረዡን እዚህ ቢለጥፉልን ከራሴ ስሌት ጋር አስተያየዋለሁ።